ሲሚንቶ ሲረክስ

ዘነበች መሞቷን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከቃሊቲ ወደ ገላን ስመለስ አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ከኋላ ወንበር ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «አልሰማሽም እንዴ ሙሉ? ዘነበች እኮ አረፈች! ያቺ ብሎኬት አምራቿ ጓደኛሽ!» አለችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋቢና የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አፌን ሸፈንኩ። ያለቀስኩ መስሎት ረዳቱ እንኳ ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ።

አላለቀስኩም። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከእንግዲህ ቱሉ ዲምቱ ገበያ በወጣሁ ቁጥር «ዛሬ ብታገኘኝስ?» እያልኩ ግራ ቀኙን አልቃኝም። ከእንግዲህ ያ ዓይኗ አያየኝም። ይህን ያሰብኩት ከእሷ ጋር ሰባት ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖርኩት፣ ልጆቼን እሷ ጋ ጥዬ ሥራ እወጣ የነበርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ያሳፍራል፣ ግን እንዲያ ነበር። ሰው ስለ ሟች ሲያወራ ራሱንም አብሮ ያሳምራል። እኔ በዘነበች ጉዳይ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ይበቃኛል።

አቃቂ በሰቃ፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ የገባሁት ገና ሙሽራ ሳለሁ ነው። እኔም ባለቤቴም ክር ፋብሪካ እንሠራ ነበር። ግቢው አምስት ክፍል በተርታ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት ነው። ከግድግዳችን ማዶ ዘነበችና ደምሴ ይኖራሉ። ደምሴ የሰው ገልባጭ መኪና እየነዳ አሸዋ ያመላልሳል፤ ዘነበች አንድ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ የቀን ሥራ ትሠራለች። በገባን በማግስቱ ዳቦ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ግድግዳችንን በጣቷ አንጓ አንኳኳችው።

«ይሄ ብሎኬት ሳይጠጣ የተገነባ ነው» አለች። «የምታወሩትን ሁሉ እሰማለሁ። ስትጣሉ ቀስ ብላችሁ ተጣሉ፤ ስትታረቁ ደግሞ ከዚያም ቀስ ብላችሁ።»

ባለቤቴ አፍሮ ወጣ። እኔ በሳቅ ፈነዳሁ። ጓደኛ የሆንነው ያኔውኑ ነው።

ብሎኬት ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ቀናት ሙሉ ውሃ መጠጣት አለበት። ካልጠጣ መልኩ ያምራል፣ ሲነኩት ግን ይፈረፈራል። ዘነበች ዓለሙን ሁሉ የምትለካው በዚሁ ነበር። ለችኩል ሰው፣ ለአፈ ጮሌ ደላላ፣ ቶሎ ተጋብተው ቶሎ ለተፋቱ ሁሉ ስድቧ አንድ ነው፦ «ሳይጠጣ የተሸጠ!» ጥሩ ብሎኬት ሲያንኳኩት ይጮሃል፣ መጥፎው ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። ስለዚህ ያላንኳኳችው ነገር አልነበረም። የሰው ቤት ግድግዳ ታንኳኳለች፣ የሐኪም ጠረጴዛ ታንኳኳለች። ሰው ሲያወራላት ነገሩ ካልተዋጠላት አጠገቧ ያለውን እንጨት ሁለቴ ኳ ኳ ታደርግና ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ ብትምልላት ብትገዘትላት ዋጋ የለውም፤ አበቃ።

አጭር፣ ደንደን ያለች፣ ትከሻዋ የወንድ ነው። መዳፏን ሲሚንቶ በልቶት ተሰነጣጥቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሞቀ ውሃ ትዘፈዝፈውና ቫዝሊን ትቀባዋለች፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግን ከነጠላዋ ውስጥ አታወጣውም። እንግዳ ሰው ሰላም ስትል እንኳ በትከሻዋ ነው። «እጄን ጨብጦ የቆሰለ ሰው ቢከሰኝስ?» ትል ነበር።

በገባሁ በሳምንቱ፣ እንደ ማንኛዋም አዲስ ሙሽራ፣ «ሰርጋችሁ መቼ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሲሚንቶ ሲረክስ» አለችኝ።

ለካ የግቢው ቀልድ ነው። ዘነበችና ደምሴ አልተጋቡም። አንድ ግንባታ ላይ ተዋውቀው፣ አብረው ክፍል ተከራይተው፣ በቃ ኖሩ። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ እንሰርጋለን ይላሉ። በየዓመቱ ለሰርግ የያዙት ብር ሲሚንቶ ይሆናል። መጀመሪያ የራሳቸውን ትንሽ ብሎኬት ማምረቻ ከፈቱ፤ እሱ አሸዋውን ያመጣል፣ እሷ ታመርታለች። ሠራተኛ ቀጥረውም እንኳ ማቡካቱን ለሰው አትሰጥም ነበር። ሽማግሌዎቹ «እናንተ ልጆች፣ ኧረ ሰማንያውን እንኳ ተፈራረሙ» ሲሏት፣ «ሲሚንቶ ሲረክስ ድግሱም ሰማንያውም አንድ ላይ ይሆናል» ትላለች። ሲሚንቶ ደግሞ፣ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ ረክሶ አያውቅም።

ሚስቱ አይደለችም ያለ ሰው ግን አልነበረም። እድሩ መዝገብ ላይ የደምሴ ሚስት ናት። ደምሴ ራሱ ለሰው ሲያስተዋውቃት «ባለቤቴ ናት» ነው የሚለው። እሷ ታዲያ መች ዝም ትላለች! «ባለቤቴ ይለኛል እንዴ፣ ቤቱ የእትዬ በላይነሽ ነው!» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። በዚያን ጊዜ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ማለት ያንቀኛል፣ ግን አልነበረም። ማታ ማታ ከቧንቧው ውሃ ቀድቶ እግሯን ሲያጥባት በዓይኔ አይቻለሁ። የግቢው ሴቶች በሙሉ ባሎቻችንን የምንወቅሰው በእሱ ነበር።

ከዚያ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ መጣ። ያኔ ያልተመዘገበ ማን አለ? ለባልና ሚስት የሚፈቀደው አንድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ብልሃት አገኘ፦ ባል ለብቻው፣ ሚስት ለብቻዋ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ እያወጡ ሁለት ዕጣ መያዝ። ለማስረጃው ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ምስክር ደግሞ ሞልቷል፤ አንቺ ለእኔ ትፈርሚያለሽ፣ እኔ ላንቺ እፈርማለሁ። ነውር ነው ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። እኔ በሰማንያ የተጋባሁ፣ የሰርግ ፎቶዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩ ሴት፣ አላገባሁም ብዬ ተሰለፍኩ። ዘነበች ለእኔ ፈረመች፣ እኔ ለዘነበች ፈረምኩ፣ እትዬ በላይነሽ ለሁለታችንም ፈረሙ።

ጸሐፊው «ያላገባች መሆኗን ታረጋግጣላችሁ?» ሲል ዘነበች ሳቋ አመለጣትና በሳል አስመስላ ወጣች። ደጅ ላይ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ ነሽ የዋሸሽው» አለችኝ። «እኔ ምን ዋሸሁ? ሲሚንቶ መቼ ረከሰና ነው ያገባሁት?»

ጁስ ጠጥተን ወደ ቤታችን ሄድን። አሁን ድረስ የሚገርመኝ፣ የዚያን ቀን ነገር ከእኔ በላይ ገብቷት ነበር።

የእኔ ዕጣ ወጣ፤ ገላን፣ አራተኛ ፎቅ። የዘነበች አልወጣም። ቢወጣም አትደርስበትም ነበር፤ ለቤቱ የሚጠየቀውን ቁጠባ ካቋረጠች ቆይታለች፤ ሁሉንም ለብሎኬቱ አድርጋዋለች። ቅናት የሚባል ነገር አላየሁባትም። እልልታዋ ከእኔ በላይ ነበር። ዕቃ በገባበት ቀን ፍራሻችንን በራሷ ተሸክማ አራት ፎቅ ወጣች። ከዚያ ክፍል ለክፍል እየዞረች ግድግዳውን አንኳኳች፣ አንኳኳችና፣ «ይሄኛው ጠጥቷል። እዚህ ውስጥ እንደልባችሁ ተጣሉ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ እነሱም እዚያው በሰቃ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ገዙ፣ አፍርሰው ሊሠሩ። የውሉ ቀን እኔ ማምረቻው ነበርኩ፤ ልጠይቃት ሄጄ። ደምሴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

«ዘኑ ነይ እንጂ፣ አብረን እንፈርም» አላት።

ዘነበች እስከ ክርኗ ሲሚንቶ ነበረች። «ተቦክቷል እኮ! ጥዬው ብሄድ ድንጋይ ሆኖ አይደል የምደርስበት?» አለችው። «ሂድ ፈርም። አንተ ፈረምክ እኔ ፈረምኩ።»

ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ። አንዲት ሴት ቤቷን ለአንድ ቡክት ሲሚንቶ ስትለውጥ እያየሁ፣ ታጠቢና ሂጂ አላልኳትም። ለነገሩ ማን ያስበዋል?

ቤቱን የሠራችው እሷ ናት ስል ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም። ለዚያ ቤት የሚሆነውን ብሎኬት ለብቻ ታመርት ነበር፤ ለሽያጭ ከምታወጣው በላይ ሲሚንቶ ትጨምርበታለች፣ ከሌላው እጥፍ ቀን ታጠጣዋለች። አናጺው «እትዬ ዘነበች፣ ይህ ቤት ነው ወይስ ምሽግ?» እያለ ያሾፍባት ነበር። አራት ክፍል፣ ሰፊ በረንዳ። የገቡ ዕለት ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አሁንስ ባለ ቤት ሆንሽ?» አላት። ያን ቀን ብቻ መልስ አጣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን አጭር አደርገዋለሁ። ደምሴ የራሱን ገልባጭ ገዛ። መኪናው ሲያድግ ሰውየውም አደገ መሰለኝ። ዘነበች አልወለደችም፤ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ደምሴ በሥራ መንገድ ላይ ከተዋወቃት ከሌላ ሴት ወለደ። አንድ ቀን ዘነበች ከማምረቻው ስትመለስ ቁልፉ አልገባም አላት። ልብሷ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተሞልቶ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጧል። አብረው ከኖሩ አሥራ አራተኛ ዓመታቸው ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። ባለቤቴም አንዱ ሽማግሌ ነበር። ደምሴ ጥሩ አድርጎ አስተናገዳቸው፣ ከዚያ እንዲህ አላቸው፦ «እኔ እኮ ማንንም አላባረርኩም። ሠራተኛዬ ነበረች፤ የሠራችበትን እከፍላታለሁ። ሚስቱ ናት የሚል ካለ ሰማንያዋን ያምጣ።»

ባለቤቴ ይህን ሲነግራት ዘነበች እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነበረች። የሶፋውን ክንድ ኳ ኳ አደረገች። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ሲል የነበረው ሠራተኛዬ ለማለት ነው?» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ዘነበች ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይናጣል።

ግን ዘነበች ዘነበች ናት! ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ እየሮጠች መጣች። ማመልከቻ ጸሐፊው ነግሯታል፤ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት የኖሩ ሰዎች አብረው ያፈሩት ንብረት የሁለቱም ነው የሚል ሕግ አለ። ማስረዳት ያለባት እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ሰውም እንደዚያ ያውቃቸው እንደነበር ነው።

«አየሽ ሙሉዬ፣ ሕጉ ያውቀኛል!» አለችኝ። «ደምሴ ነው የማያውቀኝ። ምስክር ሁኚኝ። እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ፤ ያየሽውን ብቻ።»

«ይህማ ምን ይጠየቃል!» አልኳት። የምሬን ነበር።

ሌላ ማን ነበራት? እትዬ በላይነሽ ሞተዋል፤ የግቢው ተከራይ ሁሉ ተበትኗል። የማምረቻው ሠራተኞች እንጀራቸው ደምሴ እጅ ነው። የእድሩን ሰብሳቢ አቶ ሽፈራውን ከመዝገቡ ላይ ሚስትነቷን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፉላት ብትለምናቸው፣ «እድር በባልና ሚስት መሃል አይገባም» ብለው መለሷት። ባልና ሚስት ያሉት እኮ እሳቸው ራሳቸው ናቸው! አንድ የድሮ የቀን ሠራተኛ ተገኘ፤ እሱም ዓመቱን ያምታታል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው እሁድ ደምሴ ገላን ቤቴ መጣ፣ ብርቱካን ይዞ። የልጆቼን ጉንጭ ሳመ። ቤቱን እያየ፣ «ጥሩ ቤት ነው እቴ» አለኝ። ቀጠለና በለሆሳስ፣ እንደሚመክር ሰው ሆኖ፣ «ዘነበች ያላገባች ናት ብለሽ የፈረምሽበት ወረቀት አለ። አሁን ሚስቱ ናት ብትዪ በሐሰት ምስክርነት ትጠየቂያለሽ። ያ ወረቀት ሲመዘዝ ደግሞ ያንቺም አብሮ ይመዘዛል። ባል እያለሽ እንዴት ዕጣ ያዝሽ ይሉሻል። ለእኔ ብዬ አይደለም፣ ለልጆቹ ብዬ ነው» አለኝ።

ደምሴ ሲወጣ ባለቤቴ በሩን ዘጋና፣ «ቤቱን ከቀሙን የት እንገባለን?» አለ። በእሱ አላሳብብም። እሱ ጠየቀ እንጂ መልሱን የመለስኩት እኔ ነኝ።

የቀጠሮው ዕለት ዘነበች ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከሩቅ አየኋት። ታጥባ፣ ተበጥራ፣ ነጭ ለብሳ። ማናገር አልቻልኩም። ከአንዲት የሸራ ሻይ ቤት ጀርባ ተደብቄ ስማችን ተጠርቶ እስክትገባ ጠበቅኩ። ከዚያ ተከትዬ ገባሁና ማልኩ።

«ከሳሽንና ተከሳሽን ያውቋቸዋል?» አሉኝ ዳኛዋ።

«አውቃቸዋለሁ። በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።»

«እንደ ባልና ሚስት ነበር የሚኖሩት?»

ደምሴ ጫማውን ያያል።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ሰርግ አላየሁም።»

ዘነበች ጠበቃ አልነበራትም። ጥያቄ እንዳላት ሲጠይቋት ተነስታ ቆመች። ድምፅዋ ልጅ የምታባብል ሴት ድምፅ ነበር። «ሙሉ፣ ደምሴ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ ምን ብሎ ነበር የሚጠራኝ?»

ቀላል ጥያቄ ነው። አንድ ቃል ነው። የበሰቃ ሕፃን ሁሉ የሚመልሰው ነው።

«አላስታውስም» አልኩ።

ፊት ለፊቷ ያለውን አግዳሚ እንጨት በጣቷ አንጓ ሁለቴ አንኳኳችው። ከዚያ «ጨርሻለሁ» ብላ ተቀመጠች። ቁጣ እንኳ አልነበረባትም። ሰድባኝ ቢሆን ምናለ!

ክሱ በማስረጃ አልተደገፈም ተባለ። ቤቱም ማምረቻውም ለደምሴ ጸና። ዘነበች ቱሉ ዲምቱ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ አርባ ስድስት ዓመቷ ላይ፣ እንደገና የሰው ማምረቻ የቀን ሠራተኛ ሆነች። እኔ ስልክ ቁጥሬን ቀየርኩ። ለሰው ስልኬ ተሰረቀ አልኩ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ለብሎካችን የጽዳት ስብሰባ ተሰብስበን፣ ከሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ሕግ የተማረች ልጅ፣ ቤቲ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ሆዴን የሚበላኝን ነገር «የአንዲት ዘመዴ ጉዳይ ነው» ብዬ ጠየቅኳት። ሴትየዋ ያላገባች የሚል ማስረጃ ካወጣች፣ እንደ ባልና ሚስት ኖሬያለሁ ማለት አትችልም አይደል?

ቤቲ ሳቀች። «እንዴ እትዬ ሙሉ! ሕጉ እኮ የወጣው ላልተጋቡት ነው። ተጋብተው ቢሆንማ ምን አከራከራቸው? ያላገባች የሚለው ወረቀት እውነት ነው፤ አልተጋቡማ! የፈረመላትም ሰው አልዋሸም፤ ማን ይጠይቀዋል?»

ክው አልኩ። በሰባት ዓመት ጎረቤትነት ለዘነበች የፈረምኩላት አንዷ ወረቀት እውነት ነበረች። ውሸቱ የእኔ ወረቀት ነው፤ የምኖርበት ቤት። ደምሴ በሌለ ነገር አስፈራርቶኝ እኔ ያለውን ነገር ፈራሁ። ይግባኙም ጊዜው አልፏል፤ ያንንም ቤቲ ነገረችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ማምረቻው ሜዳ ላይ ነው፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ። ዘነበች የውሃ ጎማ ይዛ ብሎኬት ታጠጣለች። ከስታለች፤ ሳል ይዟታል። አየችኝ፣ ጎማውን አልጣለችም።

«መጣሽ» አለች።

«ዘኑ፣ ያ ወረቀት እኮ ምንም አልነበረም አሉኝ!» ከሰላምታ በፊት ያወጣሁት ቃል ይኸው ነው።

«አውቃለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊው ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

አሁን ዞር ብላ አየችኝ። «በር ላይ ቆሜ የጠበቅኩሽ ለምን መሰለሽ? ደምሴ ቤትሽ መምጣቱን ሰምቻለሁ። አትፍሪ ልልሽ ነበር። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ሆነሽ ከሸራው በታች ጫማሽን አየሁት፤ አብረን የገዛነው ጥቁሩ። ተደብቄያለሁ ብለሽ ስታስቢ ልጠራሽ አፈርኩ።»

እኔ አለቀስኩ። እሷ ውሃዋን ታጠጣለች።

«ቤትሽን ነው የፈራሽው» አለች። «ይገባኛል፤ ልጆች አሉሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አስቀድመሽ አልችልም ብትዪኝ አልጠራሽም ነበር። ግን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ረስቼዋለሁ አልሽ። እሱን ነው እኔ የማልረሳው።»

«ይቅር በይኝ ዘኑ። በእመቤቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ሳቅ አለች። ያው የድሮ ሳቋ ነው፣ ወገቧን ይዛ፤ መጨረሻው ግን ሳል ሆነ። «ሲሚንቶ ሲረክስ» አለችኝ። ጎማውን ወደሚቀጥለው ረድፍ ጎትታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አላየኋት። ሳንባዋን ነው አሉ።

ዜናውን በሰማሁ ማግስት ማለዳ የት ብዬ ልሂድ ስል፣ «ድንኳኑ በሰቃ ነው» አሉኝ። ሄድኩ። ድንኳኑ የተተከለው ደምሴ በር ላይ ነው። የቱሉ ዲምቱዋ ክፍል አትበቃም ተብሎ፣ እድሩም መዝገቡን ገልጦ የአቶ ደምሴ ባለቤት ብሎ ስላገኛት፣ ሬሳዋ ራሷ የሠራችው ቤት ውስጥ አድሯል። አዲሷ ሴት ልጇን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄዳለች። ደምሴ ጥቁር ለብሶ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጽናህ፣ የትዳር አጋር ማጣት ከባድ ነው» ይለዋል። እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። ያለቅሳልም። የምሩን ይመስለኛል፤ ያ ነው ደሜን ያፈላው።

አቶ ሽፈራው ከሕዝቡ መሃል ነጥለው ጠሩኝ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። «የሕይወት ታሪኳን ከቀብሩ በፊት የሚያነብ ያስፈልጋል። ከአንቺ የቀረበ ጓደኛ የላትም። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሬሳው ፊት ቆሜ አነበብኩ። የተወለደችበትን፣ አቃቂ የመጣችበትን። ቀጥሎ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ከአቶ ደምሴ ጋር አሥራ አራት ዓመት በባልና ሚስትነት በፍቅር ኖራለች።» በአቶ ሽፈራው እጅ የተጻፈ ነው። አነበብኩት። ወረቀቱ ላይ የሌለውንም ጨመርኩ፦ «እሱም ባለቤቴ ብሎ ይጠራት ነበር። በሰቃ ያለውን ቤት ብሎኬቱን በገዛ እጇ አምርታ ሠርታለች።»

ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። የተቃወመኝ የለም። ደምሴ ራሱ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያለ በሁለት ሰው ተደግፎ አለቀሰ። አቶ ሽፈራው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ።

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ኋላ ስመለስ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። «ለጓደኛ መመስከር እንዲህ ነው።»